አስካለ፣ የእጅጉና የወልደ ሚካኤል እናት

ደብረ ሲና፣ መስከረም 28 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ የልጅ ልጅ ለእታገኝ፣ ባለሽበት ቤይሩት።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ከቤተ ዘመዱ ሰላምታ ጋር ተጠቅልሎ ይድረስሽ። ባሕር ያሻገረሽ አምላክ በሰላም ይመልስሽ። እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ የደብረ ሲናን ዳገት ሰባ አምስት ዓመት ስለወጣ ደክሞታል፤ አልፈርድበትም። ዓይኔ ግን በወረዳ ፍርድ ቤት የሰው ክስና መልስ ስገለብጥ ነው ያለቀው። ስለዚህ እንደ ወትሮው እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ፋሲካ ትጽፋለች። ያንቺንም የምታነብልኝ እሷው ናት።

ወደ ጉዳዩ ስገባ፣ ፋሲካን የጠየቀ ሰው አለ። ልጁ መምህር ነው፤ አባቱ ጣርማ በር ላይ ወፍጮ ያላቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ ሦስተኛው ከገና በኋላ ነው። ሰዎቹ አጥንት ቆጣሪዎች ናቸው። ቡዳ አለ ወይ፣ እብድ አለ ወይ፣ ሥጋ ደዌ የያዘው አለ ወይ እያሉ ቤታችንን እስከ ሰባት ትውልድ መርምረዋል። እኔም በፍርድ ቤት ወግ አንድ በአንድ መልስ ሰጥቻለሁ። እናቴ ወይዘሮ አስካለ በልጅነቴ ኢየሩሳሌምን ልትሳለም ሄዳ፣ እዚያው መንኩሳ፣ እዚያው ማረፏን ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው እጅ ነሱኝ። አያትሽ እጅጉ ነፍሷን ይማርና፣ ያን ብታይ ምን ትል ነበር እላለሁ።

ገንዘብ እንዳትልኪ። አምና በላክሽው ጣሪያው ተከድኗል፣ ይበቃል። የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ለቅርብ ንባብ የሚሆን መነጽር፤ ሁለተኛ፣ ለሙሽራዪቱ የአንገት ሻርፕ፤ ቀለሙን አንቺ ታውቂያለሽ።

አጎትሽ ወልደ ሚካኤል

እትዬ እታገኝ፣ ይህቺን አባባ ሳይሰማ ነው የጨመርኳት። በጂኦግራፊ መጽሐፌ ላይ ከቤይሩት እስከ ኢየሩሳሌም ጣት አይሞላም። አንድ ቀን ከሄድሽ የቅድመ አያታችንን መቃብር ፎቶ ብታነሺልን፣ በሠርጌ ቀን ለአባባ እሰጠው ነበር። ፋሲካ


ቤይሩት፣ ሐዝሚዬ፣ ኅዳር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት ለአባባ ወልደ ሚካኤል፣

እንደምን ከረሙ? ዳገቱን ሜዳ ያድርግልዎት። እኔ እመቤታችን እየጠበቀችኝ ደህና ነኝ። መነጽሩንና ሻርፑን ዶራ ገበያ ገዝቼ፣ ይህን ደብዳቤ በያዘችው ሴት እጅ ልኬአለሁ። መነጽሩን መጀመሪያ ሲያደርጉት መሬቱ ቀርቦ ይታይዎታል፤ ሳይለምዱት ዳገት እንዳይወጡበት። ፋሲካዬ፣ ኢየሩሳሌም በመጽሐፍሽ ላይ ቅርብ ነው፣ በእግር ግን አይደረስም። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ድንበር ዝግ ነው፤ የዚህ አገር ሰው እንኳን አይሻገረውም።

አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የማዳሜ የማዳም ሙና አባት ዶክተር ነጂብ፣ ድሮ በእኛ አገር ሐኪም ነበሩ። ድሬዳዋ አጠገብ ሐኪም ቤት ከፍተው ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሙስዩ ካሚል የሚባለው የማዳሜ ወንድም፣ እሱም በጡረታ ላይ ያለ ሐኪም ነው፣ ስለ አባቱ ሥራ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ አሽራፊዬ ባለ አዳራሽ ውስጥ ፎቶዎቹን በትልቁ አሳትሞ ለሰው ያሳያል። ፎቶዎቹ ከኩሽናው በላይ ካለው ዕቃ ማስቀመጫ በሣጥን ወረዱ። እንደምናውቀው ፎቶ አይደሉም፤ መስታወት ናቸው። ወደ መስኮት ሲያነሷቸው ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የእኛ ሰዎች መሆናቸውን መጀመሪያ አላወቅሁም።

ማዳሜ በደረቅ ጨርቅ እንድወለውላቸው ሰጠችኝ። ስሜ ስለሚረዝምባት ኢታ ነው የምትለኝ። «ኢታ፣ ውሃ እንዳይነካው፣ እባክሽ፣ ሲልቩፕሌ። ያኒ፣ ውሃ ከነካው ኸላስ፣ አበቃ፣ ሥዕሉ ይሄዳል» አለችኝ።

እያንዳንዱ በሽተኛ ደረቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ይዟል። ሰሌዳው ላይ ጽሕፈት አለ። አንዱን ገልብጬ ስይዘው የእኛ ፊደል ሆነብኝ፤ ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሙስዩ ካሚል ከሳሎን ብድግ ብሎ መጣ። «ይህን ታነቢያለሽ?» አለኝ። ለካ ሰባ ዓመት ሙሉ ያነበበላቸው አልነበረም። አባትየው ሞተዋል፤ ልጆቹ ጽሕፈቱን እንደ ጌጥ ነው ያዩት የነበረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ከሙስዩ ካሚል ጋር ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። በዚህ ቤት አራት ዓመት ስኖር ያን ወንበር ወልውዬው እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። እኔ አነባለሁ፣ እሱ በፈረንሳይኛ ይጽፋል፤ ማዳሜ ሻይ ታቀርብልኛለች። ገብረ ጻድቅ ከቡልጋ። ወርቄ ከምንጃር። አባጀበል ከጅማ። ሠላሳ ስምንት ሰው አነበብኩ። ደስ ብሎኝ ነበር አባባ፤ አልዋሽዎትም። ኩራት ኩራት ብሎኝ፣ እሑድ ዶራ ላይ ለጓደኛዬ ለእሙሽ እንኳን አውርቼላታለሁ።

ሰዎቹ ልብስ የላቸውም። በፊትና በጎን አቁመው ነው ያነሷቸው። በሽታቸው ሽማግሌዎቹ የጠየቁዎት ያ የሚፈራው ሥጋ ደዌ ነው። እኔ ግን ፊደሉን እንጂ ሰዎቹን ያየሁ አልመሰለኝም ነበር፤ እስከ ሠላሳ አንደኛው ድረስ።

በሠላሳ አንደኛው ላይ እንዲህ ይላል፤ «አስካለ፣ ከደብረ ሲና፣ ዕድሜ 33፣ የእጅጉና የወልደ ሚካኤል እናት፣ 1920 ዓ.ም.»

ሌሎቹ ላይ የልጅ ስም የለም። ይህንንም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ካነበብኩት በኋላ ነው የገባኝ።

አባባ፣ የስም መመሳሰል ይሆናል። በዚያ ዘመን በደብረ ሲና ሌላ አስካለ፣ እጅጉና ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ልጆች የነበሯት ሴት ነበረች? ከነበረች ይጻፉልኝና ልቤ ይረፍ።

የእህትዎ የልጅ ልጅ እታገኝ


ደብረ ሲና፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእታገኝ፣ ቤይሩት።

ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 20 ቀን የጻፍሽው ደብዳቤ ከመነጽርና ከሻርፕ ጋር ደርሶ ተነቧል።

በደብዳቤሽ ስለተጠቀሰችው ሴት የሚሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ግለሰቧ ከዚህ ቤት ጋር የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና የላትም። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ኢየሩሳሌም ማረፏ በአባቴ ቃል የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ነገሩ እንደገና የሚታይበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ ሴትዮዋ ማንም ትሁን ማን የክርስቲያን ልጅ ናት። ራቁቷን በባዕድ አደባባይ ከምትሰቀል ከሰው ዓይን ብትሰወር ጽድቅ ነው። ነገሩ በእጅሽ ነው፤ መንገዱን አንቺ ታውቂያለሽ። ሽማግሌዎቹ ከገና በኋላ ስለሚመጡ፣ ይህ ጉዳይ ከእንግዲህ በደብዳቤ እንዳይነሳ።

ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

ወልደ ሚካኤል


ቤይሩት፣ ሐዝሚዬ፣ ጥር 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአባባ ወልደ ሚካኤል፣

ከሠርጉ ደስታ ያድርስዎት። እንኳን ለገናና ለጥምቀት አደረሰዎት። ፋሲካዬ፣ ሻርፑን መውደድሽን አልነገርሽኝም፤ በአያትሽ ደብዳቤ ግርጌ የምትጽፊያት ነገር ስትጠፋ ጊዜ ወረቀቱን ገልብጬ ፈለግኋት። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ወረቀት አጥፌ ዙሪያውን በክር ሰፍቼዋለሁ። አትፍቺው። አባባ በመነጽራቸው ያነቡታል።

አባባ፣ በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዬን የምታነብልዎት ፋሲካ መሆኗን እያወቅሁ ነው ያን ሁሉ የጻፍኩት። ለብቻዬ መያዙ ከበደኝና ሸክሙን በሙሽራ ራስ ላይ አወረድኩት። አጥፍቻለሁ።

መልስዎ እንደደረሰኝ ወደ ሙስዩ ካሚል ሄድኩ። መስታወቶቹን ሐሙስ ቀን ካራንቲና ወዳለው ማተሚያ ቤት ሊወስዳቸው በጥጥ እየጠቀለላቸው ነበር። «ሙስዩ፣ ሠላሳ አንደኛዋን ይተዉልኝ» አልኩት።

«ሌሽ?» አለኝ፤ ለምን ማለቱ ነው። «ታውቂያታለሽ?»

አባባ፣ «አላውቃትም» አልኩ። «የአገሬ ሰው ናት፣ ያኒ፣ ሴት ናት፤ ደስ አይልም» አልኩ። ቅድመ አያቴ ናት ብል፣ ማዳሜ በማግስቱ ለደም ምርመራ ትወስደኛለች፤ ከዚያም ወደ አየር ማረፊያ። የልጆቿን ምግብ የምሠራው እኔ ነኝ። በሽታው በዘር እንደማይሄድ ሙስዩ ካሚል ያውቃል፤ ማዳሜ ግን እኔ የጠጣሁበትን ብርጭቆ እንኳን ለይታ ነው የምታስቀምጠው። ስለ እንጀራዬ ብዬ ካድኳት።

ሙስዩ ካሚል ክፉ ሰው አይደለም። አስቀመጠኝና በእርጋታ አስረዳኝ። «ኢታ፣ አባቴ እነዚህን ሰዎች አክሟል። ሌላው ሁሉ ሲሸሻቸው እሱ በእጁ ነክቷቸዋል። እስከ ዛሬ ቁጥር ነበሩ፤ ስማቸውን ሰጥተሽ ሰው ያደረግሻቸው አንቺ ነሽ። ይህ ክብር ነው» አለኝ።

«ልብሳቸውንስ?» አልኩት።

«ሹ?» አለኝ፤ ምን ማለቱ ነው።

«ስማቸውን እኔ መለስኩላቸው። ልብሳቸውን ማን ይመልስላቸዋል?»

ጥጡን አስቀመጠና «መዕለሽ፣ ግድ የለም፣ ላንቺ ስል ዓይኗን በጥቁር መስመር እሸፍነዋለሁ። ማንም አያውቃትም» አለኝ። ከልቡ ደግ የሠራ መስሎት ነበር። እኔም «ሜርሲ ሙስዩ» ብዬ ወጣሁ። ኩሽና ገብቼ ነው የገባኝ፤ ፊቷን ሊሸፍኑት ነው፣ ሌላውን ሊተዉት ነው። ሰው የሚያፍርበትን ትተው ሰው የሚታወቅበትን።

እሑድ ዶራ ላይ ለእሙሽ ነገርኳት። እሙሽ ከማዳሟ ቤት ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሦስት ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይታ በየቤቱ በቀን እየሠራች ትኖራለች። ምላሷ ምሕረት የለውም። «እኛንስ ሠራተኛ በሚያስቀጥረው መክተብ ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደግፈው በፊትም በጎንም አላነሱንም? ማዳሞቹ ቡናቸውን እየጠጡ፣ ይቺ ትወፍራለች፣ ይቺ ትሰንፋለች እያሉ ገጽ አልገለጡብንም? ልዩነቱ እኛ ልብስ ነበረን» አለችኝ። ቀጥላም «አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ። አልበሙን ለማዳሞቹ የምታነቢላቸው ሆንሽ» አለች። ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ተመለስኩ።

እውነቷን ነው። የእኛ ፊደል ነበር የሸፈናቸው። ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያነበው በዚያ ሣጥን ውስጥ ስማቸው ተጠብቆ ኖረ። ለአንድ ወንበርና ለአንድ ስኒ ሻይ ብዬ ከፍቼ ሰጠሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማዳሜ ፀጉሯን ልትሠራ ወጣች። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ሠላሳ አንደኛዋን አወጣሁ። የኩሽናውን ውሃ እጅ እስኪያቃጥል አሞቅሁና ዣቬል ጨመርኩበት፤ እዚህ ነጭ ልብስ የምናነጣበት መድኃኒት ነው። መስታወቷን በቀስታ አስተኛኋት። ሥዕሉ ጥቂት ቆይቶ እንደ ወተት ስልባቦት ከዳርና ከዳር ተነሳ፣ ተጠቀለለ፣ ተንሳፈፈ። በጣቴ ገፋሁት። አልቅሼ ነበር። ከዚያ መስታወቱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ አደረቅሁት፤ የመስኮት መስታወት ሆኖ ቀረ።

ማዳሜ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። «ሹ ዓመልቲ፣ ኢታ?» አለችኝ፤ ምን አደረግሽ ማለቷ ነው። «ቆሽሾ ነበር ማዳም፣ አጠብኩት» አልኩ። እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ለወንድሟ ደወለችለት። «ሃራም፣ ምስኪን፣ አታውቅም እኮ። ነግሬአት ነበር፣ ግን አልገባትም» ስትለው ሰማሁ። አልተቆጡኝም። አሁን ጠዋት ጠዋት ጎረቤቶቿ ለወሬ ሲመጡ፣ መስታወት ያጠበችውን ሐበሻ እየጠቆመች ታስቃቸዋለች። እኔም ትሪውን ይዤ ቆሜ አብሬ ፈገግ እላለሁ።

ያሉኝን ፈጽሜአለሁ። ግን አባባ፣ ልቤ አላረፈም። ሠላሳ ሰባቱ ሐሙስ ዕለት ከነስማቸው ካራንቲና ሄደዋል። ገብረ ጻድቅም፣ ወርቄም፣ አባጀበልም ዘመድ ይኖራቸዋል። የእኛን አጥቤ የሰውን አስረከብኩ።

እታገኝ


ደብረ ሲና፣ ጥር 3 ቀን 1990 ዓ.ም. (ይህን ደብዳቤ የያዘችው መንገደኛ ቪዛዋ ስለዘገየ፣ ቤይሩት የደረሰው የካቲት 27 ቀን ነው።)

ልጄ እታገኝ፣

ይህ የራሴ እጅ ነው። በላክሽልኝ መነጽር እየጻፍኩ ነው፤ መስመሩ ቢጣመም ፍረጂልኝ። ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሽማግሌዎቹ ትናንት መጥተው ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጧል። እኔም የናቴን ምንኩስና እንደገና ነግሬአቸው፣ እነሱም እንደገና እጅ ነሥተውኛል። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ያለፈውን ደብዳቤ ሳስጽፍ ፋሲካ ፊት ለፊቴ ነበረች። ብዕሯ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ልጅቷ የገባት ይመስለኛል። በአርባ ዓመት ሥራዬ ብዙ ሐሰተኛ ምስክር ቃሉን ሲሰጥ ጽፌአለሁ፤ የራሴን ግን የልጅ ልጄን አስጻፍኳት።

አስካለ እናቴ ናት። ኢየሩሳሌም አልሄደችም። አምስት ዓመቴ እያለ አባቴ በበቅሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ ወስዶ ትቷት መጣ። እኔና እጅጉ ኢየሩሳሌም ሄደች ተብለን አደግን። አባቴ ሲሞት ነው እውነቱን የነገረኝ፤ ለእጅጉም እንዳልነግር አስማለኝ። አያትሽ እናቷ ቅድስት መስላት ነው የሞተችው።

በ1934 ዓ.ም. ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ጨው እነግዳለሁ ብዬ ድሬዳዋ ወረድኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያን ሐኪም ቤት ፈልጌ አገኘሁት። አረቡ ሐኪም ከሄደ ቆይቷል፤ በሽተኞቹ ግን አሉ። አጥሩ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ አገሩን ትጠይቃለች። እኔንም ጠየቀችኝ። «ከደብረ ሲና» አልኳት።

ተነስታ ወደ አጥሩ መጣች። «እጅጉና ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ልጆች አሉኝ። ሐኪሙ ፎቶግራፍ ሲያነሳን አልወድም አልኩ። ለልጆችሽ ይላካል ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ያጻፍኩትም እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ደርሷቸው ይሆን?» አለችኝ።

ልጄ፣ «አላውቃቸውም» አልኳት።

ፊቷን አላየሁትም። አጥሩን የያዘችበትን እጇን አየሁና ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ፤ ከመሬትም አላነሳሁትም። «ካገኘኻቸው፣ ከታመመች በኋላ የተነሳችው ነውና በሱ አትፍረዱባት በላቸው» አለችኝ። «እሺ» ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አልተመለስኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው ልኬ ባስጠይቅ፣ ሞታለች አሉኝ።

እነሆ ሰባ አምስት ዓመት ሞልቶኝ የናቴን መልክ አላውቀውም። ስትሄድ ትንሽ ነበርኩ፤ ሳገኛት ፈሪ ነበርኩ። አንቺ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስትጽፊልኝ፣ ፎቶው ለካ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ግን ከሰው ዓይን አጥፊው ብዬ አስጻፍኩ።

ያን ቃሌን ሽሬዋለሁ። እባክሽ መስታወቷን አታጥፊያት። ለምነሽም ሆነ ገዝተሽ፣ ካልሆነም ሰርቀሽ ላኪልኝ፤ ኃጢአቱን እኔ እወስዳለሁ። ፋሲካን አስቀምጬ የማሳያት እኔ ነኝ። ሠርጉ ከፈረሰም ይፍረስ። አንድ ጊዜ ፊቷን አይቼ፣ ደርሶኛል ልበላት።

ወልደ ሚካኤል አስካለ


ቤይሩት፣ ሐዝሚዬ፣ የካቲት 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

አባባ ወልደ ሚካኤል፣

ፊደሉን ያገዘፍኩት ራስዎ እንዲያነቡት ነው። እግዚአብሔር ይህን ወረቀት ጨርሰው እስኪያነቡ ጉልበት ይስጥዎት።

የእጅዎ ጽሕፈት የደረሰኝ ከትናንት በስቲያ ነው። ጥር 30 ቀን በክር የሰፋሁት ወረቀት ደርሶዎት ከሆነ ያደረግሁትን ያውቃሉ። ካልደረሰዎትም በዚህ ይወቁት፤ መስታወቷ የለችም። በሙቅ ውሃና በዣቬል አጥቤአታለሁ። ፎቶው ሌላ ግልባጭ የለውም፤ ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። አጥፊ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፣ አልሆነም። ውሃውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ። እርስዎም እንዳይሸከሙልኝ እለምናለሁ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ወደ ሙስዩ ካሚል ሄጄ ቆሜ ነገርኩት። «ቅድመ አያቴ ናት። አውቄ ነው ያጠብኳት» አልኩ። አባቱ ለልጆችሽ ይላካል ብለው እንዳነሷትም ነገርኩት።  «ይህን አላውቅም ነበር» አለኝ። ቀጥሎ «ሌሎቹንም እንዲህ ብሏቸው ይሆን?» ሲል፣ የጠየቀው እኔን ይሁን ራሱን አልለየሁትም። «ሌሎቹም ሰው አላቸው» አልኩት። ትናንት ካራንቲና ሄዶ ሠላሳ ሰባቱን መልሶ አምጥቷል። ምን እንደሚያደርጋቸው አልነገረኝም። ማዳሜ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ብርጭቆ ከእጄ አትቀበልም። ፓስፖርቴን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ አስቀምጣልኛለች። እሑድ እሙሽ ጋ እገባለሁ፤ አምስተኛ ሆኜ። አይዘኑብኝ፣ እጅ እስካለ ሥራ አይጠፋም።

አባባ፣ መልኳን አላውቀውም ብለውኛል። በዚህ ዓለም ላይ ፊቷን የምናስታውስ ሰዎች ሁለት ነን፤ እኔና ሙስዩ ካሚል። እሱ የሐኪም ዓይን ነው ያለው። እኔ ሳልረሳው ልጻፍልዎት። ከአንገቷ በታች ያለውን አልጽፍም፤ እሱ የእርስዎም የእኔም አይደለም።

ፊቷ ረዘም ይላል። ግንባሯ ሰፊ ሆኖ መሐሉ ላይ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አያቴ እጅጉም እንዲሁ ነበረች። ፀጉሯን አሳጥረው ቆርጠውታል፤ ዳር ዳሩ ገና ይጠቀለላል። ቅንድቧ ሳስቷል፤ ይህ ከበሽታው ነው፣ አልደብቅዎትም። ከዚያ በቀር ፊቷን ብዙ አልነካውም። አፍንጫዋ ቀጥ ያለ ነው። የጆሮዋ ቀዳዳ ይታያል፣ ጉትቻ ግን የለበትም። አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አለ፤ የመሐለኛው ዙር ከጎን ትንሽ ተቋርጧል፣ የነቀሰቻት ሴት ቸኩላ ይሆናል። አገጯ ላይ ስርጉድ አለ። እርስዎም ጢምዎን ካነሱት ሳይኖርዎት አይቀርም። የቆዳዋን ቀለም መስታወቱ ገልብጦብኛል፤ እሱን ከእህትዎና ከእርስዎ ይውሰዱት።

ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት ነው። እኔም ዘንድሮ ሠላሳ ሦስቴ ነው። ብንገናኝ አንቺ ነበር የምንባባለው።

ሌሎቹ ሰዎች ዓይናቸውን ከመሣሪያው ያሸሻሉ፤ ወደ መሬት የሚያይ አለ፣ የጨፈነም አለ። እሷ ቀጥ ብላ ታያለች። ከንፈሯ ትንሽ ከፈት ብሏል፤ የፊት ጥርሶቿ ፍንጭት ናቸው። ሙስዩ ካሚል መስታወቷን መጀመሪያ ያነሳ ቀን «ይቺ ደግሞ ምን ያስቃታል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም እንጃ አልኩት።

ከሠላሳ ስምንቱ ፈገግ ያለችው እሷ ብቻ ናት አባባ። የምታየው ሐኪሙን አልነበረም፤ እርስዎንና እጅጉን ነበር። ሰባ ዓመት ዘግይቷል፣ በእጄም ተበላሽቷል። የቀረውን ይኸው አድርሻለሁ።

የልጅ ልጃችሁ እታገኝ